ከጦሳ ሥር እስከ ዋሽንግተን፦ በረራው ስንት ሰዓት፣ ጉዞው ስንት ቀን?

ማለዳ በጦሳ ተራራ ሥር ካለችው ከደሴ የተነሣ አውቶቡስ አዲስ አበባ የሚገባው ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ተጉዞ ነው። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቦሌ የተነሣ ጄት ደግሞ በስምንት ሰዓት ገደማ አየርላንድ፣ ደብሊን ያርፋል፤ ያኛው 6,370 ኪሎ ሜትር ነው። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ የወሎ ሰዎች ትኬት ሲመርጡ ይህችን ነገር ይዘነጓታል። የትኬት መሸጫው ገጽ ላይ የሚታየው የጉዞ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ከቦሌ ነው፤ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከሚገኘው ቤታችን ደጃፍ አይደለም።

በቤተሰባችን የትኬት ነገር የሚመጣው ወደ እኔ ነው። እናቴን፣ ሁለት አክስቶቼንና ቁጥራቸውን የማላስታውሳቸውን ጎረቤቶች ሸኝቻለሁ። ከዚያ ሁሉ የተረዳሁት፣ ሰው የሚከራከረው በየትኛው አየር መንገድ ይሻላል ብሎ ሲሆን ጉዞውን የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው 400 ኪሎ ሜትር መሆኑን ነው። ስለዚህ ንጽጽሩን የምጀምረው ከደሴ ነው።

መለኪያዎቹ

ማንኛውንም አማራጭ የምመዝነው በአምስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከቤት ደጃፍ እስከ ቤት ደጃፍ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ሁለተኛ፣ መንገደኛው ስንት ጊዜ አውሮፕላን ይቀይራል? ለወጣት ቅያሪ ማለት ቡና መጠጫ ጊዜ ነው፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ግን ኪሎ ሜትር የሚሆን ኮሪደር፣ የማይነበብ ሰሌዳና የማይሰማ ቋንቋ ነው። ሦስተኛ፣ አንዱ ክፍል ቢሰናከል ቀሪውን ማን ይሸከመዋል? አራተኛ፣ ሻንጣ። አምስተኛ፣ ዋጋ።

ዋጋን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ርካሽ ስለሆነ አይደለም። ትኬት በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ውሸት ይሆናል። የማይለወጠው ርቀቱና የሰዓቱ ስሌት ነው።

ከደሴ እስከ ቦሌ

*በአውሮፕላን ከኮምቦልቻ።* ትኬቱ ላይ «ደሴ» ተብሎ ቢጻፍም አውሮፕላኑ የሚነሣው ከኮምቦልቻ ነው። ደሴ የራሷ አየር ማረፊያ የላትም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ግን ሐረጎን መውረድ አለበት፤ የሐረጎ ጉም ደግሞ የማንንም ቀጠሮ አያከብርም። በክረምት ጧት ሾፌሩ መብራት አብርቶ በእግር እርምጃ ፍጥነት ሲወርድ፣ ከኋላ የተቀመጠው መንገደኛ ሰዓቱን እያየ ሲቁነጠነጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ለዚህች ቁልቁለት አንድ ሰዓት ሙሉ ይመደብላት።

በአየር ከኮምቦልቻ ቦሌ 255 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ከ370 በላይ የሆነው ተራራው ስለሚያዞር ነው። ባለ ማራገቢያዋ ዳሽ 8 በአንድ ሰዓት ገደማ ታደርሳለች። ከቤት መውጣቱን፣ ፍተሻውንና ጥበቃውን ጨምረን ስንቆጥር ደግሞ አራት ወይም አምስት ሰዓት ይሆናል። ድክመቷ፣ በረራው በቀን የተቆጠረ መሆኑና በአየር ጠባይ መሰረዙ ነው። የተሰረዘ በረራ ደግሞ ሰው የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ኮምቦልቻ ከደረሰ በኋላ ነው።

*በአውቶቡስ።* ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከቤት ተወጥቶ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ፣ በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢት አድርጎ ደብረ ሲና ሥር ይደረሳል። ከዚያ ጣርማ በር ነው፤ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ። ከቆላው ሙቀት ወጥቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ብርድ ልብስ የሚያስፈልግበት ቦታ መድረስ ለሽማግሌ ሰው ቀላል አይደለም፤ ጆሮም ይደፍናል፣ ራስም ያዞራል። ከደብረ ብርሃን በኋላ ያለው 130 ኪሎ ሜትር ሜዳ ስለሆነ ይሮጣል። በዋጋ ከሁሉም የሚረክሰው ይኸኛው ነው፤ ሻንጣም ብዙ አያከራክርም።

*በተከራዩት መኪና።* ሦስት ወይም አራት ሆነው የሚሸኙ ቤተሰቦች ይህን ይመርጣሉ። ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ትልቁ ጥቅሙ ፍጥነቱ ሳይሆን በፈለጉበት መቆም መቻሉ ነው፤ ስኳር ላለበት ወይም ቶሎ ቶሎ መውረድ ለሚያስፈልገው ሰው ይህ ከምንም በላይ ነው። ለአራት ሰው ሲካፈል ዋጋው ከሚታሰበው ያነሰ ይሆናል።

ለመኪናም ለአውቶቡስም አንድ ሕግ አለኝ፦ በረራው በዚያው ዕለት ማታ ከሆነ በዚያው ዕለት ከደሴ አልነሣም። ስሌቱ ወረቀት ላይ ያምራል። ጧት 12 ሰዓት ተነሥቶ ከቀኑ 10 ሰዓት አዲስ አበባ፤ በረራው ማታ 4 ሰዓት ተኩል፤ ከስድስት ሰዓት በላይ ትርፍ አለ። ነገር ግን ቦሌ መገኘት ያለበት ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ ስለሆነ ትርፉ በአንዴ ወደ ሦስት ይወርዳል። ጣርማ በር ላይ አንድ ከባድ መኪና ከተገለበጠ፣ ወይም ኬላ ላይ ሻንጣ በሙሉ ይውረድ ከተባለ ሦስት ሰዓት ምንም አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ መንገዱ ጭራሽ ሲዘጋ ያየ የደሴ ሰው ደግሞ ይህን እንዲነግሩት አያስፈልገውም። በመንገድ የሚሄድ ሰው አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ይደር።

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን

በቀጥታ መስመር ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጄት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለን ብናካፍለው አሥራ ሦስት ሰዓት አይሞላም። ታዲያ ለምን ሲሄዱ 16 ወይም 17 ሰዓት፣ ሲመለሱ 13 ሰዓት ይሆናል?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ስለሆነ ትንሽ ላፍታታው። የቦሌ ማኮብኮቢያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፍም ሞተርም የሚሠሩት በአየር ስለሆነ አውሮፕላኑ ለመነሣት የሚችለው ክብደት ይቀንሳል። ሙሉ መንገደኛ፣ ሙሉ ሻንጣና እስከ አሜሪካ የሚበቃ ነዳጅ በአንድ ላይ ጭኖ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ነዳጁን ይቀንስና መንገድ ላይ ይሞላል። የሚሞላበት ከተማ በየዘመኑ ተቀያይሯል፤ ሮም ነበር፣ ደብሊን ነበር፣ ሎሜም ሆኗል። ሌላው ምክንያት ነፋሱ ነው። በዚያ ኬክሮስ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ሲሄዱ ከፊት ይገፋል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይሸኛል። ደለስ ደግሞ ከባሕር ጠለል መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ የሚነሣው አውሮፕላን ነዳጁን ጢም አድርጎ ሞልቶ ሳያርፍ ቦሌ ይገባል።

ስለዚህ የኢትዮጵያ አየር መንገድን መስመር «ቀጥታ በረራ» የሚሉ ሰዎች ግማሽ እውነት ነው የሚናገሩት። ሲሄድ ያርፋል፤ መንገደኛው ግን አውሮፕላን አይቀይርም፤ ብዙውን ጊዜ ከወንበሩም አይነሣም። በእኔ መለኪያ ይህ ትልቅ ነጥብ ነው።

*በኢስታንቡል።* ከቦሌ ኢስታንቡል 3,720 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ዋሽንግተን 8,390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በድምሩ ከቀጥታው የሚበልጠው በ550 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በአየር ላይ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይሆናል። ችግሩ ቆይታው ነው፤ ሁለት ሰዓትም ሊሆን ይችላል፣ አሥራ ሁለትም። የኢስታንቡሉ አዲስ አየር ማረፊያ እጅግ ሰፊ ስለሆነ የሁለት ሰዓቱ ቅያሪ ለአዛውንት ሩጫ ነው።

*በፍራንክፈርት።* እዚህ ከማነሣቸው የቅያሪ መስመሮች በርቀት አጭሩ ይህ ነው፤ ድምሩ 11,900 ኪሎ ሜትር ነው። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን እዚህ ጥንቃቄ ያሻል። የሸንገን አገሮች (ጀርመንን ጨምሮ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) መንገደኛው ከአየር ማረፊያው ባይወጣም እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠይቋቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የጸና የአሜሪካ ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ነፃ ነው። ሆኖም ቪዛው በአሮጌው ፓስፖርት ላይ ያለ፣ ወይም በመልሱ ጊዜ ቀኑ የሚያልቅበት ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት ቆንስላውን ይጠይቅ።

*በዶሃ ወይም በዱባይ።* በካርታው ላይ ብታዩት ያስቃል፤ ወደ ምዕራብ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ይበረራል። በዶሃ ድምሩ 13,390፣ በዱባይ 13,880 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ አራት ሰዓት፣ ከዚያ ያለማቋረጥ 14 ሰዓት ገደማ። ዋጋው ግን አንዳንድ ጊዜ ከሁሉም የሚወርድበት ወቅት አለ፤ በዱባይ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ (ወሎ ውስጥ የሌለው ማን አለ?) ቪዛ ካገኘ ሁለት ቀን አድሮ እህቱን አይቶ ይቀጥላል። የአካባቢው ሰማይ ሲታወክ መስመሩ መቆሙ ድክመቱ ነው፤ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ኳታር የአየር ክልሏን በድንገት ስትዘጋ በየአየር ማረፊያው የቀሩ መንገደኞች ብዙ ነበሩ።

የሰዓት ወጥመድ

ከሁሉም በላይ ጉዳት ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ነው። አንድ ጎረቤታችን በቅያሪ መስመር ትኬት ቆረጡ፤ ወረቀቱ «ማክሰኞ 01:30» ይላል። እሳቸው ማክሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ነው ብለው ሰኞን በተረጋጋ መንፈስ ሲሰናበቱ ዋሉ። ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ፣ ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው እንደ ጨረሱ ወረቀቱን አምጡት አልሁ። 01:30 ማለት በእኛ ሌሊት 7 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቀኑ ደግሞ ለፈረንጅ የሚቀየረው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። አውሮፕላኑ ሊነሣ የቀረው አሥር ሰዓት አይሞላም ነበር፤ እኛ ያለነው ደሴ። ሻንጣው ተፈታ፣ ትኬቱም ተቀጥቶ ለሌላ ሳምንት ዞረ።

ሌላው ወጥመድ የቅነሳ ስሌት ነው። አንድ ትኬት ከቦሌ 22:30 ተነሥቶ ደለስ 08:00 ይገባል ቢል ሰው «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ብቻ!» ይላል። ሁለቱም ሰዓቶች ግን የየአገሩ ናቸው። ዋሽንግተን በሙቀት ወራቷ በሰባት ሰዓት፣ በብርድ ወራቷ በስምንት ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ናት። ስለዚህ ዘጠኝ ተኩሉ ላይ ሰባት ሲጨመር 16 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሲመለሱ ይገለበጣል፤ 11:00 ተነሥቶ በማግስቱ 07:00 የሚገባው በረራ ሃያ ሰዓት ይመስላል፤ እውነቱ 13 ነው። በቅያሪ መስመር ላይ ይህን በየከተማው ከማስላት ይልቅ ትኬቱ ላይ «ጠቅላላ የጉዞ ጊዜ» የሚለውን መስመር ማንበብ ይቀላል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ርቀት (ኪ.ሜ.) | የሚፈጀው ጊዜ | የአውሮፕላን ቅያሪ | ዋና ድክመቱ |
|---|---|---|---|---|
| ደሴ–ቦሌ፣ በኮምቦልቻ በረራ | 25 በመኪና + 255 በአየር | ከ4–5 ሰዓት ከነጥበቃው | — | ይሰረዛል፤ ሻንጣ ይገደባል |
| ደሴ–አዲስ አበባ፣ በአውቶቡስ | 400 | ከ8–10 ሰዓት | — | ድካም፤ ማደር ግድ ነው |
| ደሴ–አዲስ አበባ፣ በኪራይ መኪና | 400 | ከ7–8 ሰዓት | — | ለብቻ ውድ ነው |
| ቦሌ–ዋሽንግተን፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ | 11,560 በቀጥታ መስመር | ከ16–17 ሰዓት ከነዳጅ ማቆሚያው ጋር | የለም | ረጅም መቀመጥ |
| በኢስታንቡል | 12,110 | ከ16–17 በአየር + ቆይታ | 1 | ሰፊ ማረፊያ |
| በፍራንክፈርት | 11,900 | ከ16–17 በአየር + ቆይታ | 1 | የትራንዚት ቪዛ ጥያቄ |
| በዶሃ | 13,390 | 18 በአየር + ቆይታ | 1 | መንገዱ ይዞራል |
| በዱባይ | 13,880 | ከ18–19 በአየር + ቆይታ | 1 | መንገዱ ይዞራል |

ለማን የትኛው?

ብቻቸውን ለሚሄዱ እናት ወይም አባት፣ ያለ ማመንታት፦ ከኮምቦልቻ እስከ ዋሽንግተን በአንድ ትኬት። «በአንድ ትኬት» የምትለውን ቃል አስምሩባት። የኮምቦልቻው በረራ ቢሰረዝ ወይም ቢዘገይ ቀጣዩን የማስተካከሉ ዕዳ የአየር መንገዱ ነው፤ ለየብቻ ከተቆረጠ ግን ዕዳው የእርስዎ ነው። ሻንጣውም እንደዚሁ። ለአገር ውስጥ በረራ የሚፈቀደው ሻንጣ አነስተኛ ነው፤ ወደ አሜሪካ ግን ብዙውን ጊዜ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዳሉ። በአንድ ትኬት ሲሆን የዓለም አቀፉ መጠን ከኮምቦልቻ ጀምሮ እንዲሠራ ሲቆረጥ አረጋግጡና ትኬቱ ላይ ይጻፍ። ተሽከርካሪ ወንበርም ያኔውኑ ይጠየቅ፤ ክፍያ የለውም። ወንበሩን የሚገፋው ሰው ከወረፋው ሁሉ ጎን አሳልፎ ኢሚግሬሽን ድረስ ያደርሳቸዋል፤ መራመድ የሚችሉ እናት እንኳ ቢሆኑ «አያስፈልገኝም» ሲሉ አትስሟቸው። ጠዋት ከቤት ወጥተው በማግስቱ ልጃቸው በር ላይ እስኪደርሱ፣ የቦሌው ጥበቃ ተጨምሮ፣ በእኔ ቆጠራ ከ30 እስከ 34 ሰዓት ነው።

ገንዘብ ለሚቆጥር ተማሪ ወይም ወጣት አውቶቡሱ ይሻላል፤ አንድ ሌሊት ዘመድ ቤት ይደርና ከአራቱ የቅያሪ መስመሮች በዚያ ሳምንት የረከሰውን ይውሰድ። በጠቅላላው እስከ ሁለት ቀን ተኩል ሊሄድበት ይችላል። ሆኖም ቆይታው ከሦስት ሰዓት ያነሰውንና ከስምንት የበለጠውን ይተው፤ የመጀመሪያው ያስሮጣል፣ ሁለተኛው የቆጠበውን በአየር ማረፊያ ምግብ ያስበላል።

ሕፃናት ይዘው ለሚሄዱ ቤተሰቦች ኪራይ መኪና፣ አንድ አዳር፣ ከዚያ ያለ ቅያሪ የሚሄደው በረራ። ሕፃን የተኛበትን ሰዓት ቀስቅሶ አውሮፕላን መቀየር ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል።

ለአስቸኳይ ጉዳይ፣ ለቀብር ወይም ለሕመም፣ የኮምቦልቻውን በረራ ቀን አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት መኪና ተከራይታችሁ ውጡ፤ ትኬቱን መንገድ ላይ ሆኖ ቤተሰብ ይቁረጥ። እዚህ ላይ የ400ው ኪሎ ሜትር መንገድ ከአውሮፕላኑ ይቀድማል።

ሻንጣን በተመለከተ አንዲት ነገር ልጨምር። በርበሬና ሽሮ ያልፋል፤ ታሽጎ፣ ለጉምሩክ «ምግብ ይዣለሁ» ተብሎ ከተገለጸ። ቋንጣ ግን አያልፍም፤ ሥጋ ማንኛውም ዓይነት ይወሰዳል፣ ደብቆ የተያዘም ይቀጣል። የእናቴ ቋንጣ ደለስ ቀርቷል፤ እሷ እስከ ዛሬ ጉምሩኩ በልቶታል ብላ ታምናለች።

ለመልሱ ጉዞ ደግሞ፣ ሳያርፍ የሚመጣው በረራ ቦሌ የሚገባው ብዙውን ጊዜ በማለዳ ነው። በዚያ ሰዓት የደሴ አውቶቡሶች ወጥተዋል ወይም እየወጡ ነው፤ ሻንጣ ወርዶ፣ ፍተሻ አልፎ መድረስ አይቻልም። የኮምቦልቻው አውሮፕላን በዚያ ቀን ካለ ቢያንስ የሦስት ሰዓት ልዩነት ያለውን ያዙ። ከሌለ ደግሞ አንድ ክፍል አስቀድማችሁ ያዙላቸው፤ ከሃያ ሰዓት ጉዞ በኋላ ጣርማ በርን ከሚወርዱ በማግስቱ ተኝተው ተነሥተው ቢወርዱ ይሻላል።